አካፋ ይዛችሁ ኑ

አንዲት ሴት ነበረች። አበባ እርሻ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርታለች። ሃያ ዓመት! ጠዋት በጨለማ ሰርቪስ ላይ ትወጣለች፣ ግሪን ሃውስ ውስጥ ጽጌረዳ ስትቆርጥ ትውላለች፣ ማታ ስትወጣ በሩ ላይ ትፈተሻለች። ነጠላዋ ይራገፋል፣ ምሳ ዕቃዋ ይከፈታል። ለምን? አንዲት ዘንግ አበባ ይዛ እንዳትወጣ።

እስቲ አስቡት ወገኖቼ። በእጇ ያለፈው አበባ አውሮፕላን ሞልቶ ባሕር ማዶ ሄዷል። የሰው አገር ሙሽሮች ይዘውታል፣ የሰው አገር ሬሳ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። እሷ ቤት ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አበባ ገብቶ አያውቅም።

ወገቧ እምቢ ሲላት ሥራውን ለቀቀች። በመጨረሻው ቀን እዚያው የሚሠራ አንድ የእርሻ ባለሙያ ጠራትና ትንሽ ፖስታ ሰጣት። «ለሙከራ መጥቶ እዚህ ያልተፈለገ ዘር ነው። ፖፒ ይባላል፤ የጌጥ አበባ ነው። ከሚጣል አንቺ ዝሪው» አላት። በሩ ላይ ዘበኛው እንደ ልማዱ ፈተሻት። ፖስታውን ከፈተው፣ ወደ ብርሃን አድርጎ አየው፣ አቧራ መሰለው። አሳለፋት።

ሽብሬ ትባላለች። እኛ እትዬ ሽብሬ ነው የምንላት። «እኛ» ያልኩት አፌ ስቶ አይደለም፤ እኔም ነበርኩበት። ያን ጊዜ በአንዲት ደጋ ከተማ፣ በአንዲት አጥቢያ ወጣት ወንጌላዊ ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ስደርስ የፕሮግራም ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጡ። አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ለሳምንት የተዘጋጀሁበትን ስብከት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ደሜ ፈልቷል፣ አልደብቃችሁም፤ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

እትዬ ሽብሬ የምትኖረው አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው። ግቢው የአከራይ፣ ደጃፉ ሲሚንቶ። ዘሯን የት ትዝራው? ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣችና የአንድ አልጋ ታህል መሬት ለመነች። እኛ ምን አልን? «ማመልከቻ ጻፊ» አልናት። ያለ ማመልከቻ ምን እናውቃለን እኛ? ጻፈች። ጉዳዩ ሦስት ስብሰባ ዞረ። በሦስተኛው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጥግ ሰጠናት፤ የድሮው አጥር ፈርሶ ፍርስራሹ የተቆለለበትን። ማንም የማይፈልገውን ሰጠንና «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አልናት። ምርቃት ምን ያስወጣል!

የግቢ አስዋቢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ አበጋዝ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ። ለቤተ ክርስቲያናቸው የሚቃጠሉ ሰው ነበሩ። ወረቀት ወድቆ ካዩ ጎንበስ ብለው የሚያነሱ።

እትዬ ሽብሬ ያን ፍርስራሽ ክረምቱን ሙሉ ለቀመች። ድንጋዩን በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክማ አወጣች። አፈሩን በጣቷ አደቀቀችው። በዚያ በሚያማት ወገቧ!

ለምን ነበር ይህ ሁሉ? ልጅ አላት። የሟች እህቷ ልጅ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት፣ ብሩክታዊት የምትባል። ብሩክታዊት ታጭታለች። ሰርጉ በጥር የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። እናቷ የለችም፣ አባቷን አታውቅም፣ በሙሽራዋ ወገን የሚቆመው ሰው እትዬ ሽብሬ ብቻ ናት። የምትሰጣት ወርቅ የላት፣ ዕቃ የላት። ታዲያ አንድ ማታ ልጅቷ ምን አለቻት? «እቴቴ፣ ምንም አትግዢልኝ። አንቺ የዘራሽውን አበባ ይዤ ልግባ። ሃያ ዓመት ለሰው ቆረጥሽ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለእኔ ቁረጪ» አለቻት።

ገባችሁ? አንድ መደብ አበባ ነው። ለዚያች ሴት ግን የእናት ወግ ማዕረግ ማለት ነበር።

መስከረም ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ዘራች። ዘሩ እንዳልኳችሁ አቧራ ነው፤ ብታስነጥሱ ይጠፋል። በደረቅ አሸዋ ለወሰችውና ወጥ ላይ ጨው እንደምትነሰንስ ሴት በጣቷ ነሰነሰችው። አፈር ግን አላለበሰችውም። ጋሽ አበጋዝ መጥተው አዩ።

«ሽብሬ፣ አፈር የማይለብስ ዘር አለ እንዴ? ሦስት ስብሰባ ያደረግነው አቧራ ልትበትኚበት ነው?» አሏት።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘር ብርሃን ካላየ አይበቅልም። ከቀበርነው ይተኛል» አለቻቸው።

ተሳቀባት። አንዱ የኮሚቴ አባል ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፖፒ ምን እንደሆነ ፈለገና አደንዛዥ ዕፅ የሚሠራበት ዘመድ ተክል እንዳለው አነበበ። አለቀ! ለሦስት ሳምንት ወሬው «የሽብሬ ሐሺሽ» ሆነ። ከአምልኮ ወጥተን እጅ እየተጨባበጥን፣ «ሐሺሹ በቀለ ወይ?» እንላት ነበር። እኔም ብያለሁ። ስቄያለሁ። እሷ «ይሄኛው የጌጥ ነው» ትላለች፣ ሄዳ ውሃዋን ታጠጣለች። ጀሪካን በሚስማር በስታ ነበር የምታጠጣው፤ በባልዲ ካፈሰሰችው ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋላ። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ቆርጣ ከበበችው። ከሰዓት በኋላ የእህቶች ጸሎት እስኪጀመር ድረስ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ባዶ አፈር ትጠብቃለች! እኛ የሚታየን ባዶ አፈር ነዋ።

በቀለ። መጀመሪያ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ ቅጠል ሆነ። የበዛውን አሳሳች፣ በየስንዝሩ አንድ አንድ አስቀረች። ኅዳር ላይ አንድ ቀን አጠገቧ ቆሜ ጠየቅኳት።

«እትዬ ሽብሬ፣ ምነው ችግኙን በቆርቆሮ አፍልተሽው ቢሆን? ኋላ ፀሐይ ወዳለበት ታዛውሪው ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ወንጌላዊ፣ ይሄ ጎመን መሰለህ? ጎመን ነቅለህ ብትተክለው ሁለት ቀን አኩርፎ ይነሳል። ይሄ ሥሩ አንድ ነው። እንደ ካሮት ቁልቁል ይወርዳል። እሱ ከተቆረጠ አበቃ። የተዘራበት ነው የሚያብበው።»

ይህን ነገረችኝ። በእነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰማሁ። ሰማሁ! ይህን ያዙልኝ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ደብዳቤ መጣ። ከዋናው ቢሮ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ከውጭ አገርም የአገልግሎት ወዳጆች አብረዋቸው አሉ። የአገራችሁን ነገር ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ሊመጣ ሲል ምን ይሆናል? ጉድጓዱ ይደፈናል። ድንጋዩ ኖራ ይቀባል። ዓመት የደረቀ ቧንቧ ውሃ ይተፋል። ትናንት ያልነበረ ዛፍ ዛሬ ያድራል፣ እንግዳው በሄደ በሳምንቱ ማገዶ ይሆናል። ይህን ሲያደርግ መንግሥት እናማለን። እኛስ?

ኮሚቴው ግቢውን ሊጎበኝ ወጣ። ድንጋይ ኖራ ተቀባ። አጥር ተጠገነ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሲደርሱ ቆሙ። የእትዬ ሽብሬ መደብ አረንጓዴ ሆኖ፣ መሀል መሀሉ ላይ እምቡጥ አንገቱን ደፍቶ ብቅ ማለት ጀምሯል። ሐሺሹ! ያ የተሳቀበት ሐሺሽ!

ጋሽ አበጋዝ ደስታቸው ወሰን አጣ። «ይህ ሁሉ ውበት ሽንት ቤት ጀርባ ምን ይሠራል? ወደ ፊት ይምጣ እንጂ! ከበሩ ግራና ቀኝ ይተከል!» አሉ። ሁሉም «አሜን» አለ። የአበባውን ባለቤት የጠየቀ አለ? ማንም። እትዬ ሽብሬ በዚያ ሳምንት ዘመድ ሞቶባት ገጠር ለቅሶ ሄዳለች። «ስትመለስ አይታ ደስ ይላታል» ተባለ።

ማስታወቂያውን ማን አነበበው? እኔ። ረቡዕ ማታ ከጸሎት በኋላ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ «ወጣቶች፣ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዛችሁ ኑ» አልኩ። አካፋ ይዛችሁ ኑ! «የተዘራበት ነው የሚያብበው» ያለችኝ ነገር አፌ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኳት። ለምን ዋጥኳት? ልንገራችሁ፣ ልፈር። እንግዶቹ ፊት እሁድ እንድሰብክ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ኮሚቴውን ማስቀየም አልፈለግሁም። ለአንድ ስብከት ብዬ የዚያችን ሴት ጥር ሸጥኩት።

ወጣቶቹ መጡ። እየዘመሩ ቆፈሩ። እየዘመሩ! ክፋት በመዝሙር ሲታጀብ አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ። በአካፋ ገመሱት፣ በባሬላ አመጡት፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ደረደሩት፣ ውሃ አጠጡት። እውነት ለመናገር ቆመ። ቅዳሜ ማታ ቆሟል። እሁድ ጠዋትም ቆሟል። እንግዶቹ መጡ፣ አደነቁ፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ጋሽ አበጋዝ «የምእመናን የእጅ ሥራ ነው» እያሉ አስረዱ።

በዚያ መሀል እትዬ ሽብሬ በበሩ ገባች። ከአውቶቡስ መውረዷ ነው፤ ነጠላዋ የለቅሶ ነው፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ጮኸች መሰላችሁ? አልጮኸችም። ካሜራው ፊት አልፋ ሄደችና በርከክ ብላ አንዱን ያዘች። ሳብ ስታደርገው እንደ ቄጠማ መዘዝ ብሎ መጣ። ገልብጣ ታቹን አየችው። የጣት ታህል ጉማጅ ብቻ ናት የቀረችው።

ቀና ብላ ጠየቀችን። «ሥሩን የት ጣላችሁት?»

ጋሽ አበጋዝ ዞር ብለው እንግዶቹን አዩ።

«ጋሼ፣ ሥሩን የት ጣላችሁት?»

ጋሽ አበጋዝ ዝቅ ብለው በጆሮዋ፣ «ሽብሬ፣ እንግዶች አሉ። ነይ አጠገባቸው ቁሚ፣ ፈገግ በይ» አሏት። ፎቶው እስከ ዛሬ አለ። ዳር ላይ ቆማለች። በእጇ የተነቀለውን ይዛለች። ፈገግ አላለችም።

እኔ ያን ዕለት ስለ ፍቅር ሰበክሁ። ጥሩ ሰበክህ አሉኝ።

ማክሰኞ ቅጠሉ ተኛ። ረቡዕ እምቡጡ ተኮማተረ። ዓርብ ሁሉም ገለባ ሆነ። አንድም አልተረፈም፤ አንድም! ኮሚቴው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ጻፈ። ምን ብሎ እንደ ጻፈ ልንገራችሁ? በቃሌ ይዤዋለሁ። «አበባው ለአካባቢው አየር ንብረት የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ መድረቁን ኮሚቴው በሐዘን ተገንዝቧል።» የማይስማማ! ሦስት ወር ሲያድግ ተስማምቶት ነበር። ያልተስማማው እኛ ነን። ያልተስማማው አካፋችን ነው።

ሰርጉ ደረሰ። መድረኩ መድመቅ አለበት። ጋሽ አበጋዝ ከከተማ የፕላስቲክ አበባ አስመጡ። «ይሄ ይሻላል እኮ፤ አይጠወልግም። ለሚቀጥለውም ሰርግ ይሆናል» አሉ። ለሙሽራዋም ከዚያው ላይ አንድ እቅፍ አሥረው ሰጧት። ብሩክታዊት ነጭ ለብሳ፣ ፕላስቲክ ታቅፋ ገባች። የዋጋው ወረቀት ግንዱ ላይ እንደ ተለጠፈ ነበር። እንኳን ሊታሰብላት፣ ወረቀቱን የሚያነሣ ሰው ጠፋ! መተላለፊያው ላይ እትዬ ሽብሬ ጋ ስትደርስ ልጅቷ ቆም አለች። አክስትየዋ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠችው፣ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። «ሂጂ ልጄ» አለቻት።

እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ሳጋባ ያንን አየሁ። ሃያ ዓመት ለባዕድ ሙሽራ ጽጌረዳ የቆረጠች እጅ፣ ለራሷ ልጅ የደረሳት ከፕላስቲክ ላይ ወረቀት መላጥ ሆነ።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ወደ እኛ።

ይህ የአበባ ታሪክ መስሏችሁ ከሆነ አልሰማችሁኝም። እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ቤት ስንቱን ነቅለናል? አንድ ሰው ከጨለማ ወጥቶ ይመጣል። ዘሩ ገና አፈሩን እየጨበጠ ነው። አንዲት ቀጭን ሥር ወደ ታች እየወረደች ነው፤ ለማንም አትታይም። እኛ ምን እናደርጋለን? ቅጠሉን እናይና «ይህ ውበት ጓሮ ምን ይሠራል? ወደ ፊት ይምጣ!» እንላለን። ማይክ እንሰጠዋለን። ካሜራ እንደቅንበታለን። ገና ለራሱ ያልደረቀ ቁስሉን፣ «ጌታ ከየት እንዳወጣህ ንገረን፣ ዘርዝረው፣ ሕዝቡ ይባረክ» እንለዋለን። በሦስተኛው ሳምንት መስካሪ፣ በሦስተኛው ወር አስተባባሪ። ገንዘብ ያለው ከሆነማ በስድስት ወሩ ሽማግሌ!

አንዲት ልጅ ነበረችን። ድምፅዋ የሚያምር። በመጣች በወሯ መዘምራን ፊት አቆምናት፣ በዓመቷ ከከተማ ከተማ አዞርናት። ማን አስተማራት? ማንም። ማን አብሯት ጸለየ? ማን ቤቷ ሄዶ እንዴት አደርሽ አላት? ለፖስተር ፎቶዋን ስንፈልግ ስልኳን እናውቀዋለን፤ እናቷ ስትታመም ግን ቤቷ የት እንደሆነ ጠፋን። ወደቀች። ስትወድቅ ምን አልን? አውቃለሁ ምን እንዳልን! «መጀመሪያም አልዳነችም ነበር» አልን። «ለአካባቢው አየር ንብረት የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ!» ቃለ ጉባኤ እንደሆነ አያልቅብንም።

ሥሯን የት ጣልነው? ይህን የጠየቀ አለ? እሷ ለምን ጠወለገች እንላለን እንጂ ሥሯን የት ጣልነው አንልም።

ደግሞም የምንወደውን አውቃለሁ። ፕላስቲክ እንወዳለን። አይጠወልግም፣ ውሃ አይጠይቅም፣ አያለቅስም፣ አይጠራጠርም፣ ለሚቀጥለው ፕሮግራምም ይሆናል። ስታወጡት ፈገግ ይላል፣ ስትመልሱት ካርቶን ውስጥ ይገባል። እናንተስ ስንቶቻችሁ ናችሁ ካርቶን ውስጥ ያላችሁ? ስንቶቻችሁ ናችሁ የዋጋው ወረቀት እንደ ተለጠፈባችሁ «ሃሌ ሉያ» የምትሉት?

ተቆጣሁ። ልቆጣ! በአበባ የጀመርኩትን በሰው መጨረሴ ካልከነከናችሁ ልባችሁን መርምሩ።

ታሪኩ አላለቀም። በዓመቱ መስከረም ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አለፍኩ። የተቆፈረው መደብ ማንም ሳይዘራው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ለካ ያን ጊዜ ያልበቀለ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ኖሯል፤ አካፋው ሲገለብጠው ብርሃን አገኘ፣ ዝናብ ሲመጣ ተነሣ። ሮጬ ሄጄ እትዬ ሽብሬን ጠራኋት።

አሁን እናንተን አውቃችኋለሁ። «ተመስገን! አያችሁ፣ ጌታ ለበጎ አደረገው!» ልትሉ አፋችሁን ከፍታችኋል። ዝጉት! እባካችሁ ዝጉት። ጌታ የሞተ ማስነሣት ይችላል፤ ይህ ለእኛ የመግደል ፈቃድ ነው እንዴ? ሰርጉ አልፏል። ብሩክታዊት አንዴ ነው ያገባችው። ያ ጥር አይመለስም። የእሱን ምሕረት ለእኛ ጥፋት ሰበብ አታድርጉት።

እትዬ ሽብሬ መጣች። ቆማ ብዙ አየችው። እኔ ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። «እትዬ ሽብሬ፣ እያወቅሁ ነው ያነበብኩት። ነግረሽኝ ነበር፤ ዋጥኩት። ይቅር በይኝ» አልኳት።

ቶሎ ይቅር እንዲባል የሚፈልግ ሰው አለ አይደል? እኔ ነበርኩ። እሷ ግን እሾህ ሰበሰበች፣ መደቡን ከበበችው፣ ከዚያ የምትቀመጥበትን ድንጋይ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። «አሁን ግን ተራው ያንተ ነው። ተቀመጥና ጠብቅ። አካፋ የያዘ ሰው ሲመጣ አፍህን ክፈት።»

ወገኖቼ፣ ይህ ከሆነ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

ይኸው። ለመድረክ አገልጋዮች ብቻ የተሰጠ የፕሮግራም ወረቀት ነው። ዛሬ እንግዶች አሉን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በእናንተ አልተቆጣሁም። ተራ ቁጥር ስድስት ላይ «ምስክርነት፣ ዐሥር ደቂቃ፣ ካሜራ ይዘጋጅ» ይላል። ቀጥሎ የአንድ ወንድም ስም አለ። ስሙን አልጠራም። ከምን እንደወጣም አልናገርም። አትዙሩ! አንገታችሁን አታዙሩ፣ አትፈልጉት። ወደዚህ ወደ እኔ እዩ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደዚህ ቤት ከመጣ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው። ጠዋት በር ላይ አግኝቶኝ እጄን ጨበጠኝ። ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰላችሁ?

«ፓስተር፣ እዚህ ቤት እምቢ ማለት ይቻላል?»

እዚህ ቤት! በጸጋ ዳንን በምንልበት ቤት አንድ ሰው «እምቢ ማለት ይቻላል ወይ» ብሎ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ማን ነው ያስፈራራው? ማን ነው «ጌታን ታሳፍረዋለህ» ያለው? ኮሚቴው ክፉ አይደለም፣ አውቃለሁ። ጋሽ አበጋዝም ክፉ አልነበሩም።

ወንድሜ፣ የት እንደ ተቀመጥክ አላይም፣ ማየትም አልፈልግም። ይቻላል። እምቢ ማለት ይቻላል። ቁጭ በል። አንድ ቀን ራስህ መናገር ስትፈልግ፣ ያኔ፣ ካሜራ ሳይኖር እንሰማሃለን። ባትናገርም የእኛ ነህ። ሥርህን ስደድ። ውሃ ማጠጣት የእኛ ሥራ ነው፤ እሱን ስላልሠራን ነው በአካፋ የምንቸኩለው።

እናንተ ደግሞ፣ ከአጠገባችሁ አዲስ ሰው የተቀመጠ፣ ዛሬ ስትወጡ ታሪኩን አትጠይቁት። ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁትና በሳምንቱ ሄዳችሁ አንኳኩ። አርባ አንድ ቀን አይበቃም፤ ዓመት ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ባዶ የሚመስል አፈር ጠብቁ። ይሰለቻል። ፎቶ የለውም። ማንም አያጨበጭብላችሁም።

ካሜራ የያዝከው ወንድም፣ ዝቅ አድርገው፣ እጅህም ይረፍ። ተራ ቁጥር ስድስትን በእስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ቅር ያለው ሽማግሌ ካለ ከጸሎት በኋላ ቢሮ እጠብቀዋለሁ፤ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው።

መዘምራን፣ ተነሡ። ተራ ቁጥር ሰባት።